ጋቢውን ማን አጠበው?

አያቴ ልብስ የሚያጥበው በእግሩ ነበር። አባባ ነበር የምንለው። ቡልጋ ውስጥ፣ ከቤታቸው ቁልቁል ወርዶ ከሚገኝ ወንዝ ዳር፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ አረፋ በለበሰ ጋቢ ላይ ሲመላለስ አይቼዋለሁ። መስከረም 1955 ዓ.ም. ነው፤ እናቴ ለመስቀል ይዛኝ ስትሄድ ስምንት ዓመቴ ነበር። እኔ የአዲስ አበባ፣ የቀበና ልጅ ነኝ፤ ልብስ የሚያጥብ ወንድ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ወደ ቤት ሮጬ ለሴት አያቴ፣ ለእምዬ፣ «አባባ ልብስ እያጠበ ነው!» አልኳት። ጉድ ነገር የነገርኳት መስሎኝ ነበር። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «ታዲያ ማን ሊያጥብ ኖሯል?» አለች፤ ሥራዋን ቀጠለች።

ያ መልስ ለብዙ ዓመታት አብሮኝ ኖረ። በኋላ ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ፣ ከሥራዬ ጋር የማይገናኝ መጽሐፍ ማንበብ ስጀምር፣ ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በጻፈው ውስጥ አባባን አገኘሁት። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ አገሩን ያየ ሰው ነው፤ መጽሐፉ በ1790 ታተመ። ወንድ ገበያ ወጥቶ ዕቃ መግዛት ነውር እንደሆነበት፣ ውሃ እንደማይቀዳና እንጀራ እንደማይጋግር ይዘረዝርና፣ የወንዱንም የሴቱንም ልብስ ማጠብ ግን የእርሱ ግዴታ እንደሆነ፣ በዚህም ሴቶች እንደማያግዙት ይናገራል። ስለዚህ አባባ እንግዳ ሰው አልነበረም። ከእርሱ በፊት ሁለት መቶ ዓመት ያህል የተጻፈውን ሥራ ነበር የሚሠራው።

ምክንያቱን ብሩስ አልነገረንም። እኔ የምለው ይኼን ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ የጥጥ ሸማ ነው። ውሃ ሲጠጣ አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም ማለት ይቻላል። ወንዙ ገደል ውስጥ ነው። በእጅ የሚፈተግ ነገር አይደለም፤ የሰው ሙሉ ክብደት ያስፈልገዋል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ሸማውን የሚሸምነው ወንድ ነው። የሸመነ ያጥባል ተብሎ ይሆን? ይህንን እንደ ግምት ብቻ ያዙልኝ።

ሴቷ ምንም ድርሻ የላትም ማለት ግን አይደለም። እንዶዱ የእምዬ ነበር። እንዶድ እንደ ሐረግ አጥር ላይ የሚንጠላጠል ቁጥቋጦ ነው። ወንድና ሴቱ ለየብቻ ይበቅላል፤ ዘለላ ዘለላ ሆኖ የሚወርደውን ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ናት። እምዬ ፍሬውን አረንጓዴ ሳለ፣ መቅላት ሳይጀምር ትለቅመዋለች፤ ሰፌድ ላይ አስጥታ ታደርቀዋለች፤ ከዚያ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች። ስትወቅጥ በነጠላዋ አፍና አፍንጫዋን ትሸፍናለች፤ ብናኙ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። እኔን ከአጠገቧ ታባርረኝ ነበር። ዱቄቱን በቅል አድርጋ ለአባባ ትሰጠዋለች። የትኛው እንዶድ ጥሩ እንደሆነ የምታውቀው እርሷ ናት። ከላይኛው ማሳ ዳር ያለው «አረፋው ይቆያል»፣ ከታች ያለው ደግሞ «ቶሎ ይሞታል» ትል ነበር። ለአንድ ነጠላ ስንት እፍኝ፣ ለአንድ ጋቢ ስንት እፍኝ እንደሚበቃ ነግራው ትሸኘዋለች። ገበያ ላይ የተለጠፈ ስም የለ፣ ዋጋ የለ፤ ምርጫ ግን ነበረ። የሚመዘነውም በአንድ ነገር ነው፤ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ በሚታየው ንጣት።

በኋላ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ እንዶድን አመጣ ነበር። ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን ይባላል። ሞለኪውሉ በአንድ ጎኑ ውሃን፣ በሌላው ጎኑ ቅባትን ይወዳል። የሰው ወዝና ቅቤ ሸማው ላይ ተጣብቆ ሲገኝ አንዱ ጎን ቅባቱን ይይዝና ሌላው ወደ ውሃው ይጎትተዋል። ሳሙናም ሥራው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ሳሙና በባሕርዩ አልካላይን መሆኑ ነው፤ እንዶድ ግን እንዲያ አይደለም። እጅ ፈትል ጥጥ ጠንካራ አልካላይን ደጋግሞ ሲነካው ይሻክራል። የድሮ ሰዎች «እንዶድ ሸማ ያለሰልሳል» የሚሉት ከንቱ ወሬ አልነበረም።

ይኼ ፍሬ ከሸማም ያለፈ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ሳይንቲስት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ዓድዋ ሄደው ነበር። ወንዝ ዳር ሰዎች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ዶክተሩ ከማጠቢያው በታች ባለው ውሃ ላይ ከሌላው ቦታ የበለጡ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ሲንሳፈፉ አዩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ለምነው፣ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ውሃ ላይ እንድታደርግላቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ወዲያው ሞቱ። ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ ወደ ሰው የሚሻገርበት ድልድይ የለም። ከዚያ የተነሳው ምርምር በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት እንዲቋቋም መንገድ ከፈተ፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ። ከየአገሩ ከተሰበሰቡት የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ምርጡን ለይተው ቁጥር ሰጡት፤ 44። እምዬ ከላይኛው ማሳና ከታችኛው መካከል ስትለይ የምትሠራው ሥራ ከዚህ በመሠረቱ የተለየ አይመስለኝም። ኋላም በአሜሪካ ኦሃዮ ያለ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የሐይቅ ቧንቧ የሚዘጉ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታትን እንደሚገድል አረጋግጦ የባለቤትነት መብት ሲያወጣበት፣ የዕውቀቱ ባለቤት ማን ነው የሚል ትልቅ ክርክር ተነሳ። በዚያ ክርክር ውስጥ የዓድዋዋ ሴት ስም የለም። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ዓድዋ ላይ አረፋውን የሰጠችው ሴት ናት። በብሩስና በዚያች ሴት መካከል አንድ ነገር ተለውጧል። ለውጡ በየአገሩ መቼና እንዴት እንደሆነ አላጠናሁም፤ በእኛ ቤት የሆነውን ግን አውቀዋለሁ።

አባቴ የአባባ ልጅ ነው። ገና በወጣትነቱ አዲስ አበባ ገብቶ ዘበኛ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ልብስ አጥቦ አያውቅም። ክፉ ሰው አልነበረም። ከተማው ነው ሥራውን ከእጁ የወሰደው፣ ከእግሩ ማለት ይሻላል። መጀመሪያ እናቴም ቀበና ወንዝ እየወረደች ታጥብ ነበር፤ እኔም ልብስ ድንጋይ ላይ አስጥቼ የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ። ኋላ ሰፈራችን የቦኖ ውሃ ገባ። በጣሳ ተቀድቶ፣ በባልዲ ተሸክሞ፣ ሳፋ ውስጥ ተደርጎ በረንዳ ላይ ይታጠባል። ውሃው ወደ ቤት ሲቀርብ ሥራው ወደ ሴቷ ቀረበ። ገደል መውረድ የወንድ ሥራ ነበር፤ ደጅ መንበርከክ ግን የቤት ሥራ ተባለ።

ሳሙናውም የራሱን አድርጓል። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የባሕር ማዶ ሸቀጥ እየረከሰ መጣ፤ ቀጥሎ አገር ውስጥም ሳሙና መሠራት ጀመረ። በልጅነቴ ባለሱቁ ረጅሙን የልብስ ሳሙና በቢላዋ እየቆረጠ ይሸጥልን ነበር። እንዶድ ውሃ ውስጥ ይበጠበጥና ልብሱ እንዳለ ይዘፈዘፍበታል፤ ከዚያ ይረገጣል። ቁራጭ ሳሙና ግን እንዲያ አይሆንም። እድፉ ያለበት ቦታ ላይ ይለቀለቃል፣ ይፈተጋል፤ አንገትጌው፣ ጫፉ፣ ጥለቱ አጠገብ ያለው እየተፈለገ ይታሻል። የእግር ሥራ የነበረው የጣት ሥራ ሆነ። የእናቴ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ቆዳ ሁልጊዜ የተላጠ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ስለ አልካላይን ሳስተምር ትዝ የሚሉኝ እነዚያ ጣቶች ናቸው።

በረኪና ደግሞ ስሙ ራሱ የመጣበትን ይናገራል፤ ጣሊያኖች ቫረኪና ነው የሚሉት። የከተማ ሴቶች እንደ ተአምር ተቀበሉት፤ ምክንያቱም እንዶድ ቅባት ያስለቅቅ እንጂ የቡና ጠብታ አያጠፋም። በረኪና ግን ያጠፋል። ሥራው ማጠብ አይደለም፤ ቀለሙን ራሱን ያፈርሰዋል። ይኼን ልዩነት ማንም ስላላስረዳቸው ብዙ ሸማ አለቀ። እናቴ ለጥምቀት ያሰፋችው ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ ነበራት። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚባልበት አገር ስለሆነ፣ ለዚያ ቀን ስትል አሥራ አንድ ወር ሳትለብሰው ትውላለች። አንድ ዓመት በዋዜማው ቅቤ ነክቶት አገኘችው፤ ትንሽ በረኪና ጨምራ ዘፈዘፈችው። ሸማው በረዶ መሰለ፤ ጥለቱም የደረቀ ጽጌረዳ ቀለም ያዘ። አላለቀሰችም። ጥለቱን ፈትታ፣ ሌላ አሠርታ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለበሰችው። እድፉ ነጭ ጨርቅ ላይ ከሆነ በረኪና ይሠራል፤ ጥለት አጠገብ ግን አታቅርቡት። ከዚህ የበለጠውን ደግሞ በክፍሌ በር ላይ ጽፌ ለጥፌው ነበር፤ በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር በአንድ ባልዲ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሁለቱ ተደምረው የበለጠ ያጸዳሉ የሚለው ሐሳብ የብዙ ቤት ስህተት ነው።

በ1972 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተመደብኩ። እዚያ የደረሰብኝን ለማንም አስተማሪ እመኛለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሳሙናዬን ይዤ ተቀመጥኩ፤ አረፋ የለም። ጨመርኩ፤ የለም። ውሃው ላይ እንደተቆረጠ ወተት ነጭ ነገር ተንሳፈፈ፤ ልብሱ ሲደርቅ ግራጫ ሆኖ ድርቅ አለ። የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ከባድ ውሃ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ ይጋግራል። ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ እድፉን ትቶ ካልሲየሙን ይይዛል። በመጽሐፍ ለዓመታት ያነበብኩትን በሳፋዬ ውስጥ አየሁት። ጎረቤቴ፣ የቀፊራ ገበያን እንደ ጓዳዋ የምታውቅ ሴት፣ ከበሯ ላይ ሆና ትመለከተኝ ነበርና «አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር በሳሙና አትድከሚ፤ ኦሞ ግዢ» አለችኝ። የፈለገው ዱቄት ይሁን፣ ስሙ ኦሞ ነው፤ ዛሬም የሳህኑን ፈሳሽ ሁሉ ላርጎ እንደምንለው። ከጅቡቲ በባቡር የመጣውን ዱቄት ቀፊራ ገዛሁ፤ ተዓምር ሠራ። ሰው ሠራሽ ማጽጃ በካልሲየም በቀላሉ አይሸነፍም። የጉድጓድ ውሃ ያለበት ሰፈር የምትኖሩ ሰዎች ሳሙናችሁ አረፋ ሲነፍጋችሁ ሳሙናውን ከመውቀሳችሁ በፊት ውሃችሁን ጠርጥሩ።

አዲስ አበባ ስመለስ ደግሞ ሳሙና ራሱ የለም። ፋብሪካዎቹ በ1967 ዓ.ም. ወደ መንግሥት ዞረዋል፤ ስኳሩም ሳሙናውም በቀበሌ ሱቅ በካርድ ነው። ሰልፉ ጎህ ሳይቀድ ይያዛል። እናቴ እንደገና እንዶድ ፍለጋ ጀመረች፤ ከመርካቶ ቅመም ነጋዴዎች ዘንድ በስኒ እየለካች ታመጣው ነበር። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር ሳሙና መሥራት ያዝኩ። የበግ ሞራ አቅልጦ ማጥለል፣ ኮስቲክ ሶዳ በውሃ በጥብጦ በቀስታ መጨመር፣ ማማሰል። ዶሮ ወጥ ማማሰል የለመደ ሰው ነው የሚችለው። ከዚያ ጨው ይጨመርበታል፤ ሳሙናው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከታች ይቀራል። ተቆርጦ አንድ ወር ያህል ካልቆየ እጅ ይበላል። ለፈተና ብለን የጀመርነው ነገር የወላጆች ጉዳይ ሆነ፤ እናቶች በልጆቻቸው ሞራ እየላኩ «ለእኛም» ማለት ጀመሩ። በሠላሳ አንድ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ከተማሪዎቼ ቤት ድረስ የገባ ትምህርት ቢኖር ያ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። መደርደሪያው ሞላ። አሁን የሚያስቸግረው ማጣት ሳይሆን መምረጥ ነው፤ ሰው ደግሞ በመዓዛውና በአረፋው ይመርጣል። አረፋ ግን የንጽሕና መለኪያ አይደለም፤ አረፋ የበዛበትን ልብስ ለማለቅለቅ ሁለት ባልዲ ውሃ ይጨመራል፤ ያንን ውሃ የሚሸከም ሰው አለ። በሁሉም ነገር ላይ የምጠይቀው ጥያቄ ይኼ ነው፤ እጁን የሚያስገባው ማን ነው?

ከዚህ ጥያቄ አንጻር የኤሌክትሪክ ምጣድን ሳስበው ደስ ይለኛል። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው አልሠራልንም። የሸክላው ምጣድ ጀርባ ላይ ቦይ ተቆፍሮ፣ የሚግል ሽቦ ተጠምጥሞበት፣ በጄሶ ተደፍኖ፣ ከስሩ ቆርቆሮ ተበጅቶለት ነው የተወለደው። ሸክላው ከቀጨኔ ሴቶች እጅ፣ ቆርቆሮው ከምን አለሽ ተራ ቀጥቃጮች ይወጣል። ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ይጎትታል፤ የበዓል ዋዜማ የሰፈሩን ትራንስፎርመር ያስጨንቃል። ግን የጋጋሪዋን ዓይን ከጭስ አውጥቷል። ከዓይን አወጣጡ፣ ከጀርባው ውበት አንጻር እንጀራውም አላፈረም። የሠሩት ሰዎች የሚጋግረውን ሰው ያውቁታል።

ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ግን እኛን ሳያውቅ ነው የመጣው። ባለፈው ዓመት ልጄ ልትገዛልኝ ይዛኝ ሄደች። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው፤ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር ነገረን። እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነው፤ ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሮቶ አለን፤ ግን ግፊቱ ደካማ ነው። አውቶማቲኩ ውሃውን ከቧንቧ ራሱ መሳብ አለበት፤ ግፊት ካጣ መሐል ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ልብሱን ቆልፎ ይቀመጣል። ባለ ሁለት ገንዳው በባልዲ ይሞላል። የነጩን ልብስ ውሃ ለባለቀለሙ፣ የባለቀለሙን ለመወልወያው ጨርቅ ማዋል ይቻላል። የሚፈልገው መብራትም ጥቂት መቶ ዋት ነው። ልጄ ያረጀ ዓይነት ነው ብላ ፊቷን አጨማደደች። ውሃ በየቀኑ በማይመጣበት ሰፈር ግን እርሱ ይሻላል፤ ለጎረቤቶቼም የምመክረው ያንን ነው።

ከመግዛታችን በፊት ለአንዲት ሴት መንገር ነበረብኝ። ለአሥራ አራት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታጥብልኛለች። ጣቶቿ የእናቴን ጣቶች ይመስላሉ። ስነግራት ዝም ብላ ልብሱን ጨመቀች፤ ከዚያ «ይኼ ከገባ እኔ ምን ላጥብ እትዬ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማሽኑ ከእጅ ላይ ድካም ያወርዳል ብዬ ነበር የማስበው፤ የማን እጅ፣ ከዚያስ በኋላ እጁ ምን ይበላል የሚለውን አላሰብኩትም ነበር። ተነጋግረን ተስማማን፤ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው እርሷ ናት፤ ክፍያዋም አልተነካም። አሁን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጨርሳ ሌላ ቤት ትደርሳለች።

ጋቢና ነጠላ ግን ማሽን አይገቡም። ሁለታችንም ሞክረን አይተነዋል፤ ሲሽከረከር ይቋጠራል፣ ዘርፉ ይበጠሳል። አጥሬ ላይ እንዶድ አለ፤ ከቡልጋ ያስመጣሁት። ባለፈው የጥምቀት ዋዜማ እርሷ ወቀጠችው፤ እንደ እምዬ አፍንጫዋን ሸፍና። ትልቁን ሳፋ ግቢው መሐል አኖርን፤ ጋቢው ተዘፈዘፈ፤ አረፋው ተነሳ። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ልትገባበት ስትል፣ የሃያ ዓመቱ የልጅ ልጄ በረንዳው ላይ ስልኩን ይዞ ቆሞ ያየናል።

ጠራሁት። «ጫማህን አውልቅና አንተ ግባ» አልኩት።